ሻይ ያልቀረበበት ስብሰባ

ያሱኖ ስትቆጣ ድምፅዋ አይሰማም፤ የሚሰማው መጥረጊያዋ ነው። በኩሩሚዛካ የባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ማለዳ መስኮታቸውን ሲከፍቱ፣ የቀርከሃው መጥረጊያ የመሳፈሪያውን ሲሚንቶ በቀስታ እየዳበሰው ከሆነ ቀኑ ሰላም ነው። እየገረፈው ከሆነ ግን አንድ ሰው አስቀይሟታል ማለት ነው። በዚያ የመከር ወራት መጥረጊያው ሲገርፍ ከረመ።

ጣቢያው ትንሽ ነው። አንድ መሳፈሪያ፣ ከእንጨት የተሠራ አንድ መጠበቂያ ክፍል፣ በውስጡ ግድግዳ የተደገፈ አግዳሚ ወንበርና የነጭ ጋዝ ማሞቂያ፤ ያ ነው ሁሉም ነገር። ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም፤ መንገደኛው ሒሳቡን እዚያው ባቡሩ ውስጥ ለሾፌሩ ይከፍላል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ድሮ ኮፍያውን አጥልቆ፣ ነጭ ጓንቱን አድርጎ፣ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ጣቱን ወደ ሐዲዱ ቀስሮ «መንገዱ ክፍት ነው» እያለ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ነበረው። ለማንም አይደለም የሚናገረው፤ ለራሱ ነው። ዐይን ያየውን አፍ ካልመሰከረ ስሕተት ይገባል ተብለው ነው የባቡር ሠራተኞች የሠለጠኑት። ያ ሰው የያሱኖ ባል ቶራኪቺ ነበር።

ያሱኖ ራሷ ወደዚህ ሸለቆ የመጣችው በዚሁ ባቡር ነው፤ ሙሽራ ሆና፣ ከታችኛው ከተማ፣ እናትዋ የሰጠቻትን ድስት በጨርቅ ቋጥራ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ቶራኪቺ በሠርጉ ቀን እንኳ ፈቃድ አላገኘም ነበርና፣ ሙሽሪት ከባቡሩ ስትወርድ እንደማንኛውም መንገደኛ ትኬቷን ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ «እናመሰግናለን» አላት። ይህን ባስታወሰች ቁጥር ትስቅ ነበር። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር፣ ትላለች።

ከዓመታት በኋላ የባቡር ኩባንያው ለትናንሽ ጣቢያዎች ሠራተኛ አያስፈልግም ብሎ ወሰነ። ቶራኪቺ ኮፍያውን መለሰና ወደ ትልቁ ከተማ ጣቢያ፣ ወደ ዕቃ ክፍል ተዛወረ። በተዛወረበት ሳምንት ከመሳፈሪያው ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ካኪ የሚባል የፍራፍሬ ችግኝ ተከለ። ሰው ከሌለ የሚቆም ነገር ይኑር፣ አላት። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ነገር የሚያበዛ ሰው አልነበረም።

ችግኙ አድጎ ዛፍ ሆነ። ፍሬው ጡጫ ያህላል፣ ሲበስል ብርቱካን ይመስላል፤ የዚህኛውን ዓይነት ጥሬውን የነከሰ ሰው ግን ምላሱ በጥሬ ሙዝ እንደተያዘ ይታሰራል። ስለዚህ ልጠው፣ በገመድ ሰክተው፣ ነፋስ ላይ ይሰቅሉታል። ወር ሲሞላው ማር ይሆናል። ለነፋስ ደግሞ ከጣቢያው ታዛ የተሻለ ቦታ በሸለቆው ውስጥ የለም። በየዓመቱ በኅዳር የመጠበቂያው ክፍል ታዛ በዚያ ፍሬ ይሸፈናል። ባቡር የሚጠብቁ ተማሪዎች እጃቸውን ሰደድ እያደረጉ አንድ አንድ ይቀጥፋሉ፤ ያሱኖም ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዙራ እንዳላየች ትሆናለች።

ቶራኪቺ ከሞተ በኋላ ጣቢያውን መጥረጉ በእሷ ላይ ቀረ። ማንም አላዘዛትም። በክረምት ማሞቂያውን ትለኩሳለች፣ በረዶውን ትዝቃለች፣ ሽንት ቤቱን ታጥባለች፣ አግዳሚው ቀዝቃዛ ነው ብላ ከአሮጌ ኪሞኖ ቁራጭ መቀመጫ ትራሶች ሰፍታ ደረደረች። ማንም አላመሰገናትም። የቶራኪቺ ሚስት አይደለች? ይላል ሰው፤ ሌላ ምን ትሠራለች እንደማለት።

መስመሩ ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ «መስመሩን እናድን» የሚል ትልቅ ስብሰባ በታችኛው ከተማ ተጠራ። ከኩሩሚዛካ በባቡር የሄደችው ያሱኖ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ በመኪና መጣ። የአዳራሹ ግቢ ሞልቶ መኪኖቹ እስከ ሩዝ ማሳው ዳር ድረስ ተደረደሩ። ባለመኪኖቹም ገብተው፣ ባቡሩ ለሕይወታቸው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ እንባ እየተናነቃቸው ተናገሩ። ሁሉም ከልቡ ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ያሱኖ ወደ ቤቷ ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ ከሾፌሩ በቀር ሰው አልነበረም።

መዘጋቱ ቁርጥ ከሆነ ወዲህ ግን ባቡሩ ወዳጅ በዛለት። ፎቶ አንሺዎች ከየከተማው እየጎረፉ ከመሳፈሪያው ማዶ ባለው ተዳፋት ላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያቸውን መትከል ጀመሩ። ሰላምታ የሚሰጡ፣ ቆሻሻቸውን ለቅመው የሚሄዱ ነበሩ፤ ሁሉንም በአንድ ዐይን ማየት ነውር ነው። አንዳንዶቹ ግን ያሱኖ ስትጠርግ ከማዶ ሆነው፣ እማማ ፎቶው ውስጥ እየገቡብን ነው፣ ፈንጠር ይበሉልን ይሏታል። በምትጠርገው ጣቢያ ውስጥ እሷው ትርፍ ሆነች። አንዱ ጎረምሳ ሳያስፈቅድ ፍሬ ቀጥፎ ገመጠና ምላሱ ተጠፍሮ ፊቱ እንደ አሮጌ ቦርሳ ሲጨማደድ አየችው። በዚያ ወር የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በኅዳር አጋማሽ ለስንብት ተብሎ በድንጋይ ከሰል የሚሄድ አሮጌ ባቡር በመስመሩ ሊያልፍ ሆነ። ከተዳፋቱ ላይ ለቆመ ሰው ድልድዩ፣ ጣቢያውና የባቡሩ ጭስ በአንድ ፎቶ ውስጥ ይገባሉ፤ መሐል ላይ የቆመው ዛፍ ባይኖር። ፎቶ አንሺዎቹ ይህን ለሰፈሩ ሊቀመንበር ለኦጊኑማ ነገሩት። ኦጊኑማ ነዳጅ ማደያ ያለው፣ ደጁ ላይ ሦስት መኪና የሚያቆም፣ እንግዳ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። ኩሩሚዛካ በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጥታ ታየችው። ሰፈሩን ሰበሰበ።

በኩሩሚዛካ ስብሰባ ሲኖር ሴቶች ሻይ ያፈላሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ያሱኖ ስብሰባን የምታውቀው በግድግዳ በኩል ነው፤ ሳል፣ ሳቅ፣ ከዚያም ረዘም ያለ ዝምታ። ውሳኔው ዝምታው ነው። በዚያ ሰፈር እጅ አይወጣም፣ ድምፅ አይሰጥም። ሊቀመንበሩ ነገሩን ይናገርና ይጠብቃል፤ ማንም ካልተነፈሰ ሁሉም ተስማምቷል ማለት ነው። አንድ ሰው እንኳ አይሆንም ካለ ነገሩ ይቀራል። ነገር ግን አይሆንም ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ጎረቤትን በሰው ፊት ከማሳፈር ዛፍም ይቆረጥ፣ መንገድም ይታጠፍ ይባላል። በዚያ ቀን ያሱኖና ጎረቤቷ ሺገኖ ኩሽና ውስጥ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ዝምታውን እንኳ አልሰሙትም። ሻዩን ይዘው ሲገቡ ሁሉም ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው።

በማግስቱ ያሱኖ መጥረጊያዋን ይዛ ስትወጣ የዛፉ ግንድ ላይ ቀይ የፕላስቲክ ጥብጣብ ታስሮ አገኘች። ኦጊኑማ በአጠገቡ ቆሞ ከግንዱ እስከ ሐዲዱ ያለውን ርቀት በዐይኑ ይለካል።

«ምንድነው ይሄ?» አለችው።

«ትናንት የተባለው ነዋ፣ እትዬ ያሱኖ። ዛፉ ይነሣ ተባለ አይደል? ቅዳሜ ስንሰበሰብ ዝርዝሩን እንጨርስና ሰኞ ማለዳ መጋዝ ያለው ሰው ይመጣል። ኩባንያውንም ጠይቄያለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ከተስማማ እኛ ምን ቸገረን ብለውኛል።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ኦጊኑማ ሳቅ አለ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያበገናት። «እንዴ፣ እርስዎም ነበሩ'ኮ። ሻዩን የቀዱልን እርስዎ አይደሉ እንዴ? ማንም ምንም አላለም።»

ያሱኖ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ከልማድ ነው፤ ወገቧ ከአፏ ቀድሞ መለሰለት። ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው ቆሽቷ ማረር የጀመረው። መጀመሪያ የተናደደችው በኦጊኑማ አልነበረም፤ በዚያ ሳይጠየቅ በሚታጠፍ በገዛ ወገቧ ነው። ምሳዋን ለመብላት ተቀምጣ ሩዙን እያየች ተወችው። እርስዎም ነበሩ። እርስዎም ነበሩ። ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ዝንብ ዞረ።

ሌላም ነገር ትዝ አላት፤ ትዝታው ደግሞ እሳቱን አባሰው። ኦጊኑማ ተማሪ ሳለ ማርፈድ የታወቀበት ነበር። የኮቱን ቁልፍ ሳይቆልፍ፣ ዳቦ በአፉ ነክሶ፣ ቁልቁለቱን ሲሮጥ ይታያል። ባቡር በሰዓቱ ካልሄደ ራሱን የሚያመው ቶራኪቺ ያን ጊዜ ጣቱን ቀስሮ ሐዲዱን ያያል፤ ደግሞ ያያል፤ ምን እንዳጣራ ሳይታወቅ ሦስተኛ ጊዜ ያያል። ልጁ ዘሎ ሲገባ «መንገዱ ክፍት ነው» ይላል። አለቆቹ ስለዚያ መዘግየት ሲጠይቁት ሐዲዱ ላይ ድመት አይቼ ነው ይል ነበር። ያ የሌለ ድመት ስንት ጊዜ አለፈ።

ሺገኖ በማግስቱ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ የራዲሽ ሥር በሳሕን ይዛ መጣች። ከያሱኖ ጋር ለዓመታት ጎን ለጎን ቆማ ሻይ ስታፈላ የኖረች፣ ቀልደኛ፣ ጠብ የማትወድ ሴት ናት። ወሬውን ሰምታለች። ተይው ባክሽ፣ ለጤናሽ ነው የምልሽ አለቻት። ኦጊኑማ አንዴ ከቆረጠ የሚመልሰው የለም፤ ደግሞም ሰው ሁሉ ልብሱን አዘጋጅቷል፣ ልጆቹ መዝሙር ይለማመዳሉ፣ አንቺ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ አለቻት።

«ደግሞ ዛፍ ነው እኮ፣ ያሱኖ» አለች በመጨረሻ። «ባቡሩም ሊቀር ነው። ከዚህ በኋላ ለማን ይቆማል?»

«ለማንም» አለች ያሱኖ። «እኔስ ለማን ነው የምቆመው?»

ሺገኖ ሳሕኗን ሳትቀበል ሄደች።

ቅዳሜ ደረሰ። የሰፈሩ አዳራሽ መግቢያ ላይ ጫማ ይወለቃል፤ ከዚያ ሴቶች ወደ ግራ ወደ ኩሽና፣ ወንዶች ወደ ቀኝ ወደ ምንጣፉ ክፍል ይሄዳሉ። ያሱኖ ጫማዋን አውልቃ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ አስተካክላ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች። ከጥግ ከተቆለለው አንድ መቀመጫ ትራስ አነሣችና ወንዶቹ መሐል፣ ከኦጊኑማ ፊት ለፊት ተንበርክካ ተቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ቀዝቀዝ አለ። ዛሬ ደክሟት ነው መሰለኝ፣ አለ አንዱ ለጎኑ። ሌላው፣ የሚነገር ነገር ይኖራት ይሆናል፣ ከተናገረች በኋላ ትሄዳለች አለ። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ፊት ለፊቷን አየች።

የሻይ ተራው የያሱኖና የሺገኖ ነበር። ሺገኖ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ብቅ አለች፤ ያሱኖን አየች፤ ወንዶቹን አየች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን እንደ ባዶነቱ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ተደግፋ ቆመች።

ኦጊኑማ ጀመረ። ባንዲራው የት እንደሚሰቀል፣ ልጆቹ የት ቆመው እንደሚዘምሩ፣ ለእንግዶች የሚቀርበውን የአሳማ ሥጋ ሾርባ ማን እንደሚሠራ ተናገረ። ስለ ትዝታ ተናገረ። ስለ ምስጋና ተናገረ። አፉ እየደረቀ ሄደ፤ እጁ ልማድ ሆኖበት ሁለት ጊዜ ሲኒ ወደሚቀመጥበት ቦታ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ይስላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ማንም ወደ ኩሽናው አይዞርም፤ ሁሉም ግን ኩሽናውን ነው የሚያስበው።

«ሻይ ዛሬ ዘገየሳ» አለ ኦጊኑማ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሆኖ።

«አልዘገየም» አለች ያሱኖ። «አልተፈላም።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ኦጊኑማ ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ፈለገና፣ የዛፉ ጉዳይ ባለፈው የተስማማንበት ስለሆነ ሰኞ ይነሣል፣ ፎቶ አንሺዎቹም በጣም አመስግነዋል ብሎ ዝም አለ። ዝምታውን መጠበቁ ነው። ያሱኖ ሌሊቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ያደረችው ንግግር ነበራት፤ በትሕትና ይጀምርና ወደ ባሏ ያልፍና በልመና ያበቃል። ሁሉም ጠፋባት። የወጣው አንድ ቃል ነው።

«አይሆንም።»

ድምፅዋ የዛገ በር ይመስል ነበር። ኦጊኑማ ፊቱ ቀላ። «እትዬ ያሱኖ፣ ይሄ'ኮ ያለቀ ነገር ነው። መሬቱም የእርስዎ አይደለም።»

«አይደለም። ያንተም አይደለም» አለችው። በአንቱታ ስታናግረው የኖረችውን ሰው በሰው ሁሉ ፊት አንተ አለችው። «አላለቀም። እኔ ኩሽና ነበርኩ። የናንተን ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ሃምሳ ዓመት ዝም ስል የተስማማሁ መስሏችሁ ከሆነ፣ ውሃ እያፈላሁ ነበር። ጣቢያውም የኔ አይደለም፤ ሽንት ቤቱን ማን እንደሚያጥበው ግን አንዳችሁም ጠይቃችሁ አታውቁም። አንተ በዚያ ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ የሄድከው መቼ ነው? አርፍደህ ቁልቁል ስትሮጥ ሐዲዱን ሦስቴ እያየ ያስቆመልህ ሰው የተከለው ዛፍ ነው። ለካሜራ አይመችም ብለህ ነው የምትቆርጠው? ባቡሩን እንሸኝ ትላላችሁ። ማን ገደለውና ነው የምትሸኙት? ውጡና ደጁ ላይ የቆመውን መኪና እዩት።»

የተናገረችውን ስትሰማው ራሷም ደነገጠች። ይቅርታ ልትል አፏ ተከፈተ፤ ጥርሷን ነክሳ ዘጋችው። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። ዝምታው ረጅም ነበር፤ አሁን ግን ከማንም ጋር ያልተስማማ ዝምታ ነው፤ ኦጊኑማም ሊጠቀምበት አልቻለም። ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ይሄን ነገር ሌላ ጊዜ እናየዋለን።»

በዚያ ሰፈር ሌላ ጊዜ እናየዋለን የተባለ ነገር ተመልሶ አይታይም። ያሱኖ ትራሷን ወደ ክምሩ መልሳ፣ ለክፍሉ እጅ ነሥታ ወጣች። ጫማዋን አጠለቀች። የሸኛት የለም።

ማሸነፏ ቁጣዋን አላበረደውም። ያ ጥብጣብ ከግንዱ ላይ ተፈታ፤ በምትኩ ግን ደጇ ላይ ሳይታይ ይቀመጥላት የነበረው የጎረቤት ጎመንና ድንች ቀረ። ሰዎች ከሩቅ ሲያዩዋት ከመኪናቸው ውስጥ አንድ ነገር የሚፈልጉ መሰሉ። የመዝሙሩ ልጆች እናቶች፣ ባንዲት አሮጊት ግትርነት የሰፈሩ ስም ሊበላሽ ነው አሉ፤ እንድትሰማው ሆነው ነው ያሉት። ሰማች። መጥረጊያው ከበፊቱ ይልቅ ሲሚንቶውን ገረፈ። ከሁሉ የከፋው፣ ዛፉ ቢተርፍም መስመሩ እንደማይተርፍ ታውቃለች፤ ለዚህኛው አይሆንም የምትለው ሰው አጣች። መስመሩ ይዘጋ ያለው ሰው ኩሩሚዛካን በካርታ ላይ እንጂ አያውቃትም፤ ሻዩንም ሌላ ሴት ነው የምትቀዳለት።

የስንብቱ ባቡር ቀን ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይወርዳል ተብሏል። ውርጭ የነካው ፍሬ ይላላል፣ ገመድ ላይ አይቆይም። ስለዚህ ለቀማው ከዚያ ቀን ሊያልፍ አይችልም። ያሱኖ ማለዳ መሰላሏን ከዛፉ ጋር አስደገፈች፣ ቀይ ሽርጧን ታጠቀች፣ ወጣች። ተዳፋቱ በፎቶ አንሺዎች ጢም ብሏል። መሳፈሪያው ላይ እንግዶች፣ ባንዲራ፣ የሾርባ ድስት።

መጀመሪያ በልመና ጠሯት። ከዚያ ድምፃቸው እየጎላ መጣ። አሮጊቷን ከዚያ አውርዱልን የሚል ሰማች። አንዱ እስከ አጥሩ ድረስ ወርዶ መጣ።

«የኔ እናት፣ ባቡሩ ካለፈ በኋላ መልቀም አይቻልም?»

«ባቡሩ ካለፈ በኋላ አንተ እዚህ ትኖራለህ፣ ልጄ?» አለችው ከላይ። «እኔ እኖራለሁ። ስኖር የምበላው ይሄን ነው።»

ሰውየው ወደ ተዳፋቱ ተመለሰ። ቀጥሎ ኦጊኑማ መጣ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ የክብር እንግዶች የሚያደርጉትን የጨርቅ አበባ ሰክቷል። መሰላሉ ሥር ቆሞ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ሲያናግራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እትዬ ያሱኖ፣ እባክዎ። አሥር ደቂቃ ብቻ ይውረዱልኝ። ይኸው እኔ ራሴ መጥቼ እየለመንኩ ነው።»

እሷ ክንዷ ሥር ስድስት ያህል ፍሬ አቅፋለች። ከታች ያለው ቅርጫት ከመሰላሉ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ከድልድዩ ማዶ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«እጄ ሞልቷል» አለችው። «ቅርጫቱን አምጣና ያዝልኝ።»

ኦጊኑማ ተዳፋቱን አየ። እንግዶቹን አየ። ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ሄዶ ቅርጫቱን አነሣና በሁለት እጁ ከመሰላሉ ሥር ያዘላት። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ጣለችለት። ባቡሩ ድልድዩን እየተንጎደጎደ ገባ፣ ጭሱ ከሸለቆው ላይ ተነሣ፣ ልጆቹ መዘመር ጀመሩ፣ ከተዳፋቱ ላይ የካሜራዎቹ ድምፅ እንደ በረዶ ወረደ። ኦጊኑማ ቅርጫቱን ይዞ አንገቱን ወደ ባቡሩ አዞረ።

«ወደዚህ» አለችው ያሱኖ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ሌላ ቅርንጫፍ ወደ ራሷ እየሳበች። «ቅርጫቱ ዘሟል። ፍሬው መሬት ከነካ ይበላሻል፤ ቀና አድርገህ ያዝ።»

ኦጊኑማ ጀርባውን ለባቡሩ ሰጥቶ ቅርጫቱን ቀና አደረገ።